አንድ ፌስታል መድኃኒት፦ የተረጋጋ የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸው አባት ጉዳይ

መነሻ

«መድኃኒቴን በሥነ ሥርዓት ነው የምወስደው፤ ሲያመኝ እወስዳለሁ፣ ሲተወኝ እተዋለሁ።» ይህን ያሉኝ የ63 ዓመት አባት ናቸው። ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው በፋርማሲስትነት የምሠራበት ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ መድኃኒት ቤት። የመጡት ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ሊገዙ ነበር። በጨዋታ መሃል የልብ ሕመምተኛ መሆናቸውን ሲነግሩኝ ያወረድኩትን መድኃኒት ወደ መደርደሪያው መለስኩና እንዲቀመጡ ለመንኳቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል የተከታተልነውን ነው እዚህ የምመዘግበው። እሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደውልኛል። የሰውም ሆነ የሕክምና ተቋም ስም አላነሳም። የምጽፈው ተመሳሳይ ጉዳይ በየሳምንቱ ወደ መስኮታችን ስለሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ ሳናየው ስለሚያልፈን ነው።

የሕመሙ ታሪክ

ልብስ ሰፊ ናቸው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለውን ሰባ ደረጃ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደረጃው ከበዳቸው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ደረታቸውን ይጨመድዳቸዋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻቸው ይዘልቃል፤ ቆም ሲሉ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይለቃቸዋል። ቤተሰቡ «ጨጓራ ነው» አለ። ስምንት ወር ተልባ ጠጡ፣ በርበሬ ተዉ፣ ኦሜፕራዞል ዋጡ። ጨጓራ ሰው ዳገት ሲወጣ ጠብቆ አይነሳም፣ ቆም ሲልም አይተውም። ይህን ግን ያኔ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በቀጭን ቱቦ በተደረገ ምርመራ ሁለት የልብ ደም ሥሮች ጠበው ተገኙ። ዋናው የግራ ግንድ፣ ማለትም ለአብዛኛው የልብ ክፍል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ሥር፣ ደህና ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይም ልባቸው በአንድ ምት የሚገፋው ደም 58 በመቶ፣ ማለትም እንደ ጤነኛ ሰው ነው። ሐኪማቸው ስቴንት (የጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ሳያስገቡ በመድኃኒት እንዲቆዩ ወሰኑና አምስት መድኃኒት አዘዙ፦ አስፒሪን 81 ሚሊግራም፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ ሜቶፕሮሎል 50 ሚሊግራም፣ ለደም ግፊታቸው አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ሕመሙ ሲነሳ ደግሞ ምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን። ማዘዣው ዛሬም ቢታይ የሚነቀፍ አይደለም።

ፌስታሉ

በማግስቱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያ ሳይቀር፣ ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። ከልጃቸው ጋር ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡ። ጠረጴዛ ላይ ስንዘረግፈው አሥራ አራት ዓይነት ነገር ወጣ።

ሜቶፕሮሎል አለ፤ አጠገቡ አቴኖሎል አለ። ሁለቱም የልብ ምትን የሚያረጋጉ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ሜቶፕሮሎሉ በገበያ ላይ በጠፋበት ሰሞን ሌላ ክሊኒክ በምትኩ አቴኖሎል አዘዘላቸው። ሜቶፕሮሎሉ ሲገኝም አቴኖሎሉን «አቁሙ» ያላቸው የለም፤ ለሰባት ወር ሁለቱንም ሲወስዱ ቆይተዋል። የልብ ምታቸውን ስቆጥር በደቂቃ 46 ነበር። ከመኝታ ሲነሱ ዓይናቸው ላይ የሚጨልመውን ነገር የእርጅና ምልክት አድርገው ተቀብለውታል።

አስፒሪኑ አልተነካም። በ2016ቱ ዐቢይ ጾም ባዶ ሆዳቸውን ሲያቃጥላቸው ተዉት። ዳይክሎፌናኩ ግን ተጋምሷል። ይህን ያየሁ ጊዜ አዘንኩ። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የልብ ድንገተኛ አደጋን ያባብሳል። ለማቃጠሉ የተከሰሰውና የተባረረው ጠባቂያቸው አስፒሪን ሲሆን፣ ዋናው ተጠርጣሪ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

አቶርቫስታቲኑ ካለቀ አንድ ዓመት አልፎታል። በ2015 ዓ.ም. ጎጂው ኮሌስትሮል ከ141 ወደ 67 ወርዶ ሲያዩ «ድኛለሁ» ብለው አቆሙ። የላቦራቶሪውን ወረቀት እንደ ምስክር ወረቀት አጣጥፈው አስቀምጠውታል።

ናይትሮግሊሰሪኑ ከጥቁር ጠርሙሱ ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ኮት ኪስ ውስጥ ከርሟል። ይህ መድኃኒት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል፤ ከራሱ ጠርሙስ መውጣት የለበትም። በዚያ ላይ ይውጡት የነበረው በውኃ ነው። ሲዋጥ ደግሞ ጉበት ቀድሞ ስለሚሰባብረው ለደረት ሕመም የሚደርስለት ነገር አይተርፍም።

የቀረው የሳል ሽሮፕ፣ ቫይታሚን፣ ያለፈበት አሞክሳሲሊን፣ ለባለቤታቸው የታዘዘ መድኃኒትና ስሙ የማይነበብ ነጭ ኪኒን ነበር።

እንዴት እዚህ ደረሱ

ልጃቸው ጥፋቱን የአባቷ ቸልተኝነት አድርጋ አይታው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። እኚህ ሰው መድኃኒታቸውን በጥንቃቄ ነበር የሚያስተዳድሩት፤ መለኪያቸው ግን የሚሰማቸው ነገር ብቻ ነው። ሜቶፕሮሎል ሲወስዱ ደረጃው ይቀላቸዋል፤ ስለዚህ ያዙት። አስፒሪንና አቶርቫስታቲን ሲወስዱ ምንም አይሰማቸውም፤ ስለዚህ ተዉአቸው። ልክ የሆነ የሂሳብ ስሌት በተሳሳተ ቁጥር ሲሠራ እንደማለት ነው። ከአምስቱ መድኃኒቶች የትኛው ሕመም እንደሚያስታግስ፣ የትኛው ድንገተኛ አደጋን እንደሚከላከል ማንም ለይቶ አልነገራቸውም።

ቃሉም አሳስቷቸዋል። አስፒሪንን ሁላችንም «ደም ማቅጠኛ» እንለዋለን። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ «ደሙን እያቀጠነ አደከመው፣ ደም ማነስ ሊያመጣበት ነው» ብለው ሰግተዋል። ስጋታቸው ከቃሉ የመጣ ነው። አስፒሪን ደምን ውኃ አያደርግም፤ በጠበበው ቦታ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል በመስኮቱ ላይ መጠቀም ትቻለሁ።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ተደርበዋል። ለዓመታት የሚያውቋቸው መድኃኒት ቤት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከአካባቢው ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ከአገኙት ቦታ ይገዙ ጀመር፤ የየቦታው የንግድ ስም ሲለያይ አንዱን መድኃኒት ከሌላው መለየት አልቻሉም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ሲተመን ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋው ጨመረ፤ አምሎዲፒናቸውን አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ የጀመሩት ያኔ ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግሁት ለልብ ሐኪማቸው ስልክ መደወል ነው። ፋርማሲስት ብቻዬን የማቆምም ሆነ የመጀመር ሥልጣን የለኝም። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን አዩአቸው፤ ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ጽፌ ነበር የላክሁት።

ዳይክሎፌናኩ በዚያው ቀን ቆመ፤ ለጉልበታቸው ፓራሲታሞልና የሚቀባ መድኃኒት ተተካ። ለጨጓራቸው የኤች ፓይሎሪ፣ ማለትም ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ፣ ምርመራ ተደረገና ተገኘባቸው። እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ የማነሳው ነገር አለ። የኤች ፓይሎሪ ሕክምና ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ይይዛል፤ ክላሪትሮማይሲን አቶርቫስታቲን በሰውነት ውስጥ እንዲከማች አድርጎ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል፤ ከአምሎዲፒን ጋር ሲሆን ደግሞ የደም ግፊትን ከመጠን በላይ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ለ14 ቀን የጨጓራውን ሕክምና ጨርሰው፣ ግፊታቸውን በየሁለት ቀኑ እየለካን፣ አቶርቫስታቲኑ ከዚያ በኋላ ተጀመረ። አስፒሪኑም ከምግብ በኋላ፣ ለጊዜው ከኦሜፕራዞል ጋር ተመለሰ። ማቃጠሉ አልተመለሰም።

ቀጥሎ መድኃኒቶቹን ሁለት ቦታ ከፈልኳቸው። በአንዱ ወረቀት ላይ «የሚሰማዎት» አልኩ፦ ሜቶፕሮሎልና ናይትሮግሊሰሪን። በሌላው «የማይሰማዎት» አልኩ፦ አስፒሪን፣ አቶርቫስታቲን፣ አምሎዲፒን። የሁለተኛው ወረቀት መድኃኒቶች ሥራቸውን ሲሠሩ ምንም ነገር አይሆንም፤ ምንም ነገር አለመሆኑ ራሱ ውጤታቸው ነው። ኮሌስትሮሉ መውረዱን ሲጠቅሱልኝ «ጋሼ፣ በክረምት ጣሪያዎ ካላፈሰሰ ቆርቆሮውን ያነሱታል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አይ፣ ገባኝ» አሉ። አስፒሪኑ በየቀኑ የሚወሰደው ለምን እንደሆነም ጠየቁኝ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት፣ አስፒሪን ሥራቸውን የሚገታባቸው የደም ሕዋሳት ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ነው፤ ሰውነት ደግሞ በየዕለቱ አዳዲስ ያመርታል። በየቀኑ ትንሽ መውሰድ የሚያስፈልገው አዲሶቹን ለመቅደም ነው።

ናይትሮግሊሰሪኑን ለማግኘት አምስት መድኃኒት ቤት ዞርን። አጠቃቀሙን ወንበር ላይ አስቀምጬ አለማመድኳቸው፦ ሕመሙ ሲነሳ መቀመጥ፣ አንዷን ምላስ ሥር ማድረግ፣ አለመዋጥ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። በአምስት ደቂቃ ካልተሻላቸው ወይም ከባሰባቸው አምቡላንስ መጥራት፤ የቀይ መስቀሉ ቁጥር 907 በጠርሙሱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። ሕመሙ ያለ ሥራ ቁጭ ባሉበት ከመጣ ወይም ከወትሮው እየተደጋገመ ከሄደ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸውም ነገርኳቸው።

ባለቤታቸውና ልጃቸው ወጣ ሲሉ አንድ ጥያቄ ብቻችንን ጠየቅኋቸው፦ ለወንድነት የሚሸጡትን ሲልደናፊልን ወይም ታዳላፊልን ይወስዱ እንደሆነ። ናይትሮግሊሰሪን ከእነዚህ ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል፤ ከሲልደናፊል በኋላ 24 ሰዓት፣ ከታዳላፊል በኋላ 48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን አይነካም። መልሳቸውን እዚህ አልጽፍም። እኔ ሴት፣ እሳቸው አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጥያቄው ለሁለታችንም ከብዶናል። ሆኖም መጠየቅ ግዴታዬ ነበር።

የልጅቷ ጥያቄ

ልጃቸው ገንዘብ እያጠራቀመች ነበር፤ አባቷን ውጭ አገር ወስዳ ደም ሥራቸውን በስቴንት ልታስከፍት። «መድኃኒት ማስታገሻ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም» የሚል እምነት ነበራት። ሐኪሙ ጊዜ ወስደው አስረዷት። በ2020 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ውጤቱ የታተመው ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት በ37 አገሮች 5,179 ሰዎችን አሳትፏል። እንደ አባቷ ሕመማቸው የተረጋጋ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ከመድኃኒት በተጨማሪ ገና ከጅምሩ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና፣ ለሌላው መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ ተከታተላቸው። በሞትና በልብ ድንገተኛ አደጋ ረገድ ስቴንቱ ብልጫ አላሳየም። የደረት ሕመም አዘውትሮ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ግን በስቴንቱ የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። ዋናው የግራ ግንድ የጠበበባቸው ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም፤ የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው።

ሐኪሙ በሩን አልዘጉም፤ መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ ሕመሙ ካልታገሰ ስቴንት ይታሰባል አሏት። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ አያውቅም ነበር። ልጅቷ ያጠራቀመችውን አልነካችም፤ ጉዞውን ግን አዘገየች።

ያልሠራው

ትልቁ ስህተት የእኔ ነው። ሐኪሙ አቴኖሎሉ ለአንድ ሳምንት በግማሽ ተወስዶ እንዲቆም፣ ሜቶፕሮሎሉ እንዲቀጥል ወሰኑ። ይህን በስልክ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ፣ በጥድፊያ ነገርኳቸው። እሳቸው የሰሙት «ትንንሾቹን ነጫጮች አቁሙ» የሚለውን ነው፤ ሁለቱም ትንንሽና ነጭ ናቸው። ሁለቱንም አቆሙ። በአራተኛው ቀን ሜዳ ላይ ሲሄዱ ደረታቸውን ጨመደዳቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ልብ ታግዶ እንደቆየ ፈረስ ይፈረጥጣል፤ የደረት ሕመም ይብሳል፣ የልብ ድንገተኛ አደጋም ሊመጣ ይችላል። ሆስፒታል ተወስደው የልብ ምርመራና የደም ምርመራ ተደረገላቸው፤ ጉዳት አልነበረም። ሜቶፕሮሎሉ ዳግም ተጀመረ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚያስቆም መመሪያ በስልክ ብቻ አልሰጥም፤ የሚቆመውን ራሳቸው በእጃቸው አንስተው እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ።

የስልክ ማስታወሻም አልሠራም። ልጃቸው «ማታ 2 ሰዓት» ብላ የወንድሟን ልጅ አዘዘችው፤ ልጁም በስልኩ 2 ብሎ ሞላ። ስልኩ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ሁለት ሌሊት ቤተሰቡን ከቀሰቀሰ በኋላ ተዘጋ። በምትኩ መድኃኒቱን ከእራት ጋር አቆራኘነው፤ የመድኃኒቱ ሣጥን ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀመጠ።

በከረጢት ላይ «1×2» ብለን የምንጽፈውንም ማንሳት አለብኝ። እሳቸው «በሁለት ቀን አንዴ» ብለው ያነቡት ነበር። አሁን «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብዬ በቃል እጽፋለሁ፤ የሚወስደው ጊዜ አሥር ሰከንድ ነው።

ጾምና ጸበል

ዐቢይ ጾም በየካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ገባ። እሳቸው እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ «ኪኒን ጾም ይገድፋል» ብለው ያምናሉ። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሚያደርግ ብነግራቸውም ከእኔ አፍ አልተቀበሉትም፤ ተገቢም ነው። የንስሐ አባታቸው ቤት መጥተው ፈቀዱላቸው። እሳቸው ግን ፈቃዱን አመስግነው መጾሙን መረጡ።

መፍትሔው ከጠበቅነው በላይ ቀላል ሆነ። አስፒሪን፣ አቶርቫስታቲን፣ አምሎዲፒንና በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሜቶፕሮሎል የግድ ጠዋት መወሰድ የለባቸውም። በሐኪሙ ፈቃድ አራቱንም ለእራት አዛወርናቸው። ሃምሳ አምስቱን ቀን አንድም ሳይዘሉ ጾሙ።

ከፋሲካ በኋላ ለሁለት ሳምንት ወደ እንጦጦ ጸበል ሄዱ። በፊት ጸበል ሲገቡ መድኃኒት ያቋርጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ልጃቸው ታስታውስ ነበር፤ ያንን ስትነግራቸው የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ቆጥረው ይዘው ወጡ።

ለሌሎች ሕሙማንና ለባለሙያዎች የሚሻገር

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ፌስታሉ ነው። ካርድ የታዘዘውን ይነግረናል፤ የሚዋጠውን የሚነግረን ፌስታሉ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢያንስ በስድስት ወር አንዴ ቤት ያለውን ሁሉ አፍስሶ ለፋርማሲስት ወይም ለሐኪም ያሳይ፤ የወገብና የጉልበት መድኃኒትም አይቅር።

ሁለተኛው የመድኃኒቱን ዋና ስም ማወቅ ነው። የንግድ ስም ከአገር አገር፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ በማሸጊያው ላይ በትናንሽ ፊደል የሚጻፈው የንጥረ ነገሩ ስም ግን አይለወጥም። እሳቸው አራቱን ስሞች በእጃቸው በአማርኛ ጽፈው መታወቂያቸው ኪስ ውስጥ አስቀምጠዋል። የንግድ ስሙ ያልታወቀ፣ ዋጋው ግን የረከሰ ተመሳሳይ መድኃኒት መግዛት የቻሉትም በዚህ ነው፤ አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጡም ቀረ።

ለባልደረቦቼ፦ ዳይክሎፌናክ ለሚጠይቅ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ «የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። እኔ በዚያን ቀን የጠየቅሁት ስለተጠነቀቅሁ አይደለም፤ እሳቸው ጨዋታ ወዳድ ሆነው ነው የነገሩኝ። ይህ ዛሬም ያሳስበኛል።

አሁን ያሉበት

በየካቲት የተለካው ጎጂ ኮሌስትሮል 72 ነበር፤ ሐኪሙ አቶርቫስታቲኑን ወደ 80 ሚሊግራም ከፍ አደረጉትና በሰኔ 66 ሆነ። እንደ አቶርቫስታቲን ያሉ የስታቲን መድኃኒቶች መጠን በእጥፍ ሲጨመር የሚገኘው ተጨማሪ ቅናሽ ይህን ያህል ጥቂት መሆኑ የሚጠበቅ ነው። የልብ ምታቸው 62 ነው፤ ሲነሱ ዓይናቸው ላይ አይጨልምም። ጉልበታቸው አልዳነም። ፓራሲታሞሉ እንደ ዳይክሎፌናኩ አያስታግሳቸውም፤ ይህንንም ሳይደብቁ ይነግሩኛል። አሁን የፊዚዮቴራፒ ክትትል ጀምረዋል።

በነሐሴ መጨረሻ ሊገዙ ሲመጡ ሠላሳ ፍሬ ቆጥሬ ልሰጣቸው ስል አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ጳጉሜንስ?» አሉ። ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ሠላሳ ፍሬ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል፤ በጳጉሜን ግን አምስት ቀን ይጎድላል፤ የሚጎድለውም ለዘመን መለወጫው ሥጋና ቅቤ በሚቀርብበት፣ መድኃኒት ቤቶችም በሚዘጉበት ሰሞን ነው። ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ላይ ይህን እንዳጎደልኩ አላውቅም። ሠላሳ አምስት ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ በዚያው ቀን በመስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ።

ሰባ ደረጃውን አሁን ሳይቆሙ ይወጡታል። ናይትሮግሊሰሪኗ ከነጠርሙሷ በደረት ኪሳቸው አለች፤ ጊዜዋ የሚያልፈው በጥር ነው፤ ቀኑን እኔም መዝገቤ ላይ ጽፌዋለሁ።